የወገራ ነፋስ

ጎንደር ላይ ሳይክል የሚነዳ ሰው ዳገት አይፈራም። ቢፈራ ከቤቱ አይወጣም። ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ብትሉ፣ ከፒያሳ ወደ ቁስቋም ብትሉ ዳገት ነው። ዳገት ግን አንድ ደግ ነገር አለው፤ ይታያል። ጫፉ ላይ ያለችውን ዛፍ ታያላችሁ፣ ማርሽ ትቀንሳላችሁ፣ ቀስ እያላችሁ ትወጣላችሁ። ዛፏ ጋ ስትደርሱ አለቀ። ዞር ብላችሁ የወጣችሁትን ስታዩ ልባችሁ ይሞላል።

ነፋስ እንዲህ አይደለም። አይታይም። ጫፍ የለውም። ሜዳ ላይ ሆናችሁ ዳገት የምትወጡ ያህል ያደክማችኋል። ቁልቁለት ላይ እንኳ ፔዳል ካልመታችሁ አያስኬዳችሁም። ደግሞ ሰውን ከሰው ይለያል። ዳገት ላይ ተበታትኖ የወጣ ቡድን ጫፍ ላይ ይጠባበቃል። ነፋስ ውስጥ የተበታተነ ቡድን ግን የት ይጠባበቃል?

ይህን የምጽፈው ከጎንደር ወደ ደባርቅ በቡድን ስለሄድንበት ቀን ነው። ያኔ መንገዱ ሰላም ነበር። ጠዋት ተነስቶ ወደ ስሜን መሄድ ቀጠሮ እንጂ ጭንቀት አልነበረም። ያ ቀን እንዲመለስ እመኛለሁ።

ወሩ ጥር ነው። ጥምቀት አልፏል፣ ቃና ዘገሊላም አልፏል፤ ከተማው ገና ከእንግዳ አልጸዳም። ከባሕር ዳር ለበዓሉ የመጡ የሳይክል ወዳጆች ነበሩ፣ ከአዲስ አበባም እንደዚሁ፤ ቀሪዎቻችን የጎንደር ልጆች ነን። ከመካከላችን ሦስቱን ላስተዋውቃችሁ። አንዱ የባሕር ዳር መካኒክ ነው። እዚያ ከተማ ሳይክል እንደ እግር ነው፤ እሱም ከልጅነቱ ጀምሮ ጎማ ሲለጥፍና ካቴና ሲያጥብ ያደገ ልጅ ነው። ሁለተኛው መምህር ናቸው። ሃምሳን አልፈዋል፣ ጉልበታቸው ግን የወጣት ነው፤ የጎንደርን ዳገት ሁሉ በስም ይጠሩታል። ሦስተኛዋ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ከሁላችንም ታናሽ፣ ከሁላችንም ቀጭን። ሳይክሏም የተዋሰችው ነው።

መንገዱ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከተማውን ለቃችሁ ወለቃን ካለፋችሁ በኋላ መውጣት ነው። ኮሶዬ፣ ከዚያ የወገራ ወረዳዋ ከተማ አምባ ጊዮርጊስ። እዚያ ከፍታው ወደ 2,900 ሜትር ይጠጋል። ከአምባ ጊዮርጊስ በኋላ እየወረዱ እየወጡ በገደብዬ፣ በዳባትና በወቅን አድርጎ ደባርቅ ይገባል። እዚያ ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ላይ ካለው 70 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ለጎንደር ልጅ ብዙ አይከብድም። ከባሕር ዳር የመጣውም ከጣና ዳር፣ ከ1,800 ሜትር ነው የመጣው፤ ትንሽ ይታገላል እንጂ አይሸነፍም።

ጠዋት ጥሩ ነበር። ወለቃን ስናልፍ የሸክላ ሠሪዎቹ ሱቆች ገና እየተከፈቱ ነበር። ፀሐይ በስተቀኝ ብቅ እያለች ነው፤ ብርዱ ጣት ይቆነጥጣል እንጂ አየሩ ጸጥ ያለ ነው። ተማሪዋ ስትዘፍን ነበር። ልጆች ከመንገዱ ዳር እየሮጡ ያጅቡናል። ጎንደር ለሳይክል ጎብኚ አዲስ አይደለችም። ከካይሮ ተነስቶ ኬፕታውን የሚደርሰው ቱር ዳፍሪክ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር ጀምሮ ለብዙ ዓመታት በመተማ በኩል ወጥቶ በዚህች ከተማ ያልፍ ነበር። ልጆቹ የራሳቸውን አገር ሰው ሳይክል ላይ ሲያዩ ግን ደስታቸው ሌላ ነው። «ሐበሾች ናቸው!» ብሎ አንዱ ለጓደኛው ሲጮህ ሰማሁት።

ነፋሱ ኮሶዬ ላይ ጠበቀን።

ኮሶዬን የሚያውቅ ያውቀዋል። በግራ በኩል ምድሩ ድንገት ያልቅና ገደል ይሆናል። ከታች ቆላው፣ ከዚያ ወዲያ ሰማያዊ ተራራ በተራራ ላይ ተደራርቦ ይታያል። ሰው ፎቶ ለመነሣት የሚቆምበት ቦታ ነው። እኛም ቆምን። ቆመን ሳለን የአንዱ ኮፍያ ተነሥቶ ገደሉን ተከትሎ ሄደ።

ወደ ሳይክላችን ስንመለስ ነገሩ ሌላ ሆኖ ጠበቀን። በበጋ ወራት በዚህ ደጋ የሚነፍሰው ነፋስ አብዛኛውን ጊዜ ከሰሜን ምሥራቅ ነው። መንገዱ ደግሞ የሚሄደው ወደዚያው ነው። ረፋድ ላይ ሌላም ይጨመርበታል። ቆላው በፀሐይ ሲግል የሞቀው አየር ገደሉን እየተከተለ ወደ ላይ ይወጣል፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ መንገዱን ይመታዋል። ስለዚህ ፊት ለፊት የሚገፋችሁ አንድ ነፋስ አለ፤ ከጎን መጥቶ መሪያችሁን የሚነጥቅ ሌላ ነፋስ አለ። ባሕር ዛፍ ያለበት ቦታ ስትደርሱ ትንሽ ታርፋላችሁ። ዛፉ ሲያልቅ ግን በጥፊ እንደተመታ ሰው ትወላገዳላችሁ።

ሒሳቡን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም የዚህ ታሪክ ሁሉ መነሻ እሱ ነው። በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር እየሄዳችሁ ነፋሱ ፊት ለፊት በ30 ቢመጣባችሁ፣ ሰውነታችሁ የሚገፋው የ42 ኪሎ ሜትር አየር ነው። አየር ደግሞ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የሚገፋችሁ ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ትንሽ የጨመረ ነፋስ ብዙ ይቀጣል። ከሌላ ሳይክል ኋላ ተጠግቶ የሚነዳ ሰው ግን ከዚያ ድካም ቀላል ከማይባለው ክፍል ይተርፋል። ከኋላ ገብቶ የሚያውቅ ሰው ልዩነቱን ለማወቅ ቁጥር አያስፈልገውም። ጆሮ ላይ ያለው ጩኸት በአንዴ ዝም ይላል።

መካኒኩ ይህን ያውቃል። ፊት ወጣና እጁን ወደ ኋላ እያወዛወዘ «ግቡ፣ ግቡ፣ ተጠጉ!» አለ። አንዳንዶቻችን ተጠጋን። ተማሪዋ ተጠጋች። መምህሩ ግን ብቻቸውን በስተቀኝ ወጥተው ነፋሱን በደረታቸው ይገፉ ጀመር።

«መምህር፣ ከኋላዬ ይግቡ» አላቸው።

«አይ፣ አንተ ቀጥል። እኔ ከሰው ጀርባ አልጠለልም።»

እንዲህ ያሉት እሳቸው ብቻ አልነበሩም። ከአዲስ አበባ የመጡት ሁለት ጎረምሶችም ተጠግቶ መንዳት አልሆነላቸውም። አንዱ «እኔ የራሴን ነው የምነዳው» አለ። ሌላው ቀድሞ ሄደና ከፊታችን ጠፋ። አንድ ቡድን ሆነን ወጥተን ኮሶዬን ሳንርቅ አራት ቦታ ተከፈልን።

ይሄ ነገር ከባሕላችን ውስጥ የመጣ ይመስለኛል። እኛ ጋ ከሰው ጀርባ መግባት የፈሪ ሥራ ነው። ፊት ለፊት የሚቆም ሰው ይመሰገናል፤ የተጠለለ ሰው ይታማል። በፉከራውም በቀረርቶውም የሚወደሰው ደረቱን የሰጠ ነው። እኔም በዚህ ኩራት ነው ያደግሁት፣ እወደዋለሁም። ግን ነፋስ ጠላት አይደለም፤ አይፎከርበትም፣ ፈርቶም አይሸሽም። ነፋስ ላይ ደረቱን የሰጠ ሰው የሚያሸንፈው ማንንም አይደለም፤ ጉልበቱን ብቻ ይጨርሳል። ከዚያ ሲጨርስ የሚጠብቀው ቡድኑ ነው።

መምህሩም አምባ ጊዮርጊስ ሳንደርስ ጨረሱ። ፊታቸው ነጣ፣ ላባቸው በነፋሱ ደረቀና ብርድ ገባቸው። ቆሙ። እኛም ቆምን።

የቆምንበት ቦታ አውድማ አጠገብ ነበር። የወገራ ገብስ የሚወቃበት ጊዜ ነው። በሬዎቹ ሥራቸውን ጨርሰው ዳር ላይ ቆመዋል፣ ክምሩ መሐል ላይ ነው። አምስት ስድስት ሰዎች መንሽና ላይዳ ይዘው እህሉን ወደ ላይ ይበትናሉ። ገለባው እየበረረ ከአውድማው ማዶ ይወርዳል፤ ፍሬው ቀጥ ብሎ እግራቸው ሥር ይወድቃል። እኛን ከጠዋት ጀምሮ ሲቀጣን የዋለው ነፋስ እዚህ ሥራ ላይ ነው። ገበሬዎቹ በጉጉት ሲጠብቁት ቆይተዋል።

አንድ ሽማግሌ መጡና መምህሩን አይተው ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወለቁ። «ወንድምዓለም፣ ልበሰው። ይሄ ብርድ ቀልድ አያውቅም» አሉ። መምህሩ እንቢ ሊሉ ነበር። ሽማግሌው ግን ጋቢውን አልብሰዋቸው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ከጎጆው ውስጥ አንዲት እናት በሶ በጥብጠው አመጡልን። ጨው በዛ ብሎበታል። ከዚያ የተሻለ ነገር ለሳይክል ነጂ የሚስማማ አላውቅም። ገብስ ነው፣ ውኃ ነው፣ ጨው ነው፤ ሆድ አይከብድም፣ ቶሎ ጉልበት ይሆናል። በፕላስቲክ የታሸገ ጣፋጭ ይዞ የመጣው የአዲስ አበባ ልጅ እንኳ ደጋግሞ ጠጣ።

እኔ ከሽማግሌው ጋር ወሬ ጀመርኩ። «አባባ፣ ይሄ ሁሉ እህል የእርስዎ ነው?»

«የእኔ ነው። እነዚህ ደግሞ ጎረቤቶቼ ናቸው። ወንፈል ነን። ዛሬ የእኔን ያወጣሉ፣ ነገ ለእሱ፣» በመንሹ አንዱን ጎልማሳ እያመለከቱ፣ «ከነገ ወዲያ ለዚያኛው።»

«ጉልበት የሌለውስ?»

ነገሩ የማይጠየቅ ነገር የጠየቅኋቸው ይመስል አዩኝ። «ጉልበት የሌለው ማን አለ? የሷ በሶ ጉልበት አይደለም እንዴ?» ብለው ወደ ጎጆዋ በአገጫቸው አመለከቱ። «ባሏ ከሞተ ወዲህ ለወንፈል ሰው አትልክም። ግን የምታበላን እሷ ናት። የሷን ገብስ ባለፈው ሳምንት አውጥተናል።»

መምህሩ ጋቢ ተከናንበው ይሰማሉ። እሳቸው የገበሬ ልጅ ናቸው፤ ወንፈል ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። በልጅነታቸው አባታቸው ተራውን ሳይመልሱ የቀሩ ጊዜ እንዴት እንዳፈሩ ከዚህ በፊት አውርተውን ነበር። አሁን ግን ብዙም አልተናገሩም። ከተነሣን በኋላ ግን ወደ መካኒኩ ጠጋ ብለው «ተራ እናውጣ። እኔ ሁለተኛ ነኝ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ቀላል ሆነ ማለቴ አይደለም። ነፋሱ ከሰዓት በኋላ ባሰበት። አምባ ጊዮርጊስን ስናልፍ አቧራ ከእርሻው እየተነሣ ዓይን ይሞላል፤ የአንዱ ጎማ ተበሳ፣ ከመነዳሪ ስንቀይር ጣታችን አልታዘዘም። ግን አሁን ቡድን ነን። አንዱ ፊት ይወጣል፤ መንገድ ዳር ባለው የኤሌክትሪክ ምሰሶ እየቆጠረ ጥቂት ይገፋል፤ ከዚያ ክርኑን ወጣ አድርጎ ወደ ጎን ይልና ቀስ እያለ ኋላ ይገባል። ቀጣዩ ይተካል። ፍጥነት አይጨመርም። ይሄ ዋናው ነገር ነው፤ ተራው የደረሰ ሰው ጉልበቱን ሊያሳይ ፍጥነት ከጨመረ ሰልፉ ይቆረጣል፣ ኋላ ያለው ብቻውን ነፋስ ላይ ይቀራል። መካኒኩ አንድ ጎረምሳ እንዲህ ሲያደርግ አስቁሞት «እንደ ቀድሞህ ሰው ንዳ፣ ከእሱ አትብለጥ» አለው።

ነፋሱ ከጎን ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጥበብ ይጠይቃል። ከቀኝ የሚመጣ ከሆነ መጠለያው ያለው ከፊታችሁ ካለው ሰው በስተግራ ወደ ኋላ ነው። ስለዚህ ሰልፉ ጋደል ብሎ መንገዱን ይይዛል። እኛ አገር መንገድ ላይ ደግሞ በስተግራ በኩል አይሱዙ አለ። ጋደል ብሎ መንዳት የሚቻለው ለሦስት ለአራት ሰው ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ የሆነው መሐል አስፋልት ላይ ይወጣል። ስለዚህ በትንንሽ ተከፈልን። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ተራ ነበረው።

ተማሪዋ ፊት አልወጣችም። አንድ ጊዜ ሞከረች፤ ነፋሱ መሪዋን ሲጠመዝዘው መካኒኩ ከኋላ ሆኖ «እታለም፣ ተዪው» አላት። ከዚያ በኋላ የመጨረሻዋ ሆነች። ሥራዋ መኪና መጠበቅ ነው። ነፋስ ውስጥ የመኪና ድምፅ አይሰማም፤ አጠገባችሁ እስኪደርስ ምንም አታውቁም። እሷ ግን በየጊዜው ዞር እያለች ታያለች፣ ሲመጣ «መኪና!» ብላ ትጮኻለች፤ ጩኸቱ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተቀባበለ ፊት ይደርሳል። ሁላችንም ወደ ቀኝ እንሰበሰባለን። ያ ድምፅ ባይኖር ምን ሊሆን ይችል እንደነበር ማሰብ አልፈልግም።

በዚያ ሰልፍ ውስጥ ሆኜ አንድ ነገር ሳስብ ነበር። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ የሄደችው በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ነው። ሁላችንም ሯጮችን እናስባለን፤ ግን ከመጀመሪያዎቹ ውስጥ ሳይክል ጋላቢዎችም ነበሩ። ከእነሱ አንዱ ገረመው ደንቦባ ናቸው። ከዚያ ስንት ዓመት ቆይቶ በ2008 ዓ.ም. ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን ሲጋልብ ይህን ያደረገ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በዚያ ውድድር በእያንዳንዱ ቡድን ውስጥ አብዛኞቹ ጋላቢዎች የሚደክሙት ለራሳቸው አይደለም። ነፋሱን እየከፈሉ መሪያቸውን ያደርሳሉ፣ ውኃ ያመላልሳሉ፣ ከዚያ ኋላ ይቀራሉ። እነዚህ ሰዎች ደካሞች አይደሉም፤ እዚያ ለመድረስ እያንዳንዳቸው በአገራቸው የተመረጡ ናቸው። የሚጠለለውም አያፍርም። እንዲያውም በደንብ መጠለል ራሱ ችሎታ ነው፤ ፊት ካለው ጎማ አንድ ክንድ ያህል ርቆ ሳይነኩ መንዳት፣ ድንገት ፍሬን አለመያዝ፣ የፊተኛውን ማመን። እኔ በበኩሌ ፊት መውጣቱ ነው የቀለለኝ። ከኋላ መሆን ግን የሌላውን ሰው ጀርባ እያዩ ድካሙን መቁጠር ነው። መምህሩ ተራቸው ሲደርስ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። የእሳቸውን ድካም እየተጠቀምኩ እንደሆነ አውቄ ነው የተቀመጥኩት። ይሄ ቀላል አይደለም፤ እንዲቀልም አልፈልግም።

ዳባት ስንደርስ ሻይ ጠጣን። ማንም ብዙ አላወራም። ቀድሞን የጠፋውን ጎረምሳ እዚያ አገኘነው፤ ብርድ ልብስ ተውሶ ምድጃ ሥር ተቀምጧል። ማንም አልወቀሰውም። መካኒኩ «ከዚህ ወዲያ አራተኛ ነህ» ብቻ አለው። እሱም ሻዩን ጨልጦ ተነሣ።

ደባርቅ ስንገባ ጀንበር እየጠለቀች ነበር። ከተማዋ ለስሜን ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ናት፤ ወደ ተራራው የሚሄድ ብዙ ሰው እዚያ ያድራል፣ ብርዱም ስም ያለው ነው። ሽሮ በላን። ትኩስ ነበር፣ ሌላ ምንም አላስታውስም።

ራት ላይ አንዱ «ተማሪዋ እኮ ቀኑን ሙሉ አንድ ጊዜም ተራዋን አልከፈለችም» አለ። ክፋት የለውም፤ ግን ቃሉ ወጣ። እሷ ሳህኑን እያየች ዝም አለች። መምህሩ ናቸው የመለሱት። «በሶዋን ያመጡልንን እናት ረሳሃቸው?» አሉ። «እኔ ዛሬ ሦስት ጊዜ ከአይሱዙ የተረፍኩት በዚች ልጅ ድምፅ ነው። ስንት ምሰሶ ገፋሁ ብዬ ነው ከእሷ ጋር የምተሳሰበው?» ልጁ ይቅርታ ጠየቃት። እሷም ከዚያ በኋላ ነው እንጀራውን የጎረሰችው።

እኔ የማምነው ይህን ነው። ተራ ማለት ሁሉም ሰው እኩል ነፋስ ይመታው ማለት አይደለም። ሁሉም ባለው ነገር ይመልስ ማለት ነው። ይህን ደግሞ የሳይክል መጽሐፍ አልነገረንም፤ የወገራ ገበሬዎች አውድማቸው ላይ ሲያደርጉት አየነው።

በማግሥቱ ስንመለስ ነፋሱ ከኋላችን ነበር። እንደዚያ ሲሆን መጠለያ ማንም አይፈልግም፤ ጠንካራው ይበራል፣ ደካማው ይቀራል። ስለዚህ ከመነሣታችን በፊት ማን የመጨረሻ እንደሚሆንና የት እንደምንጠባበቅ ተነጋገርን። መካኒኩ የመጨረሻ ልሁን አለ፣ ከተማሪዋ ጋር። መጠባበቂያችን አምባ ጊዮርጊስ ሆነ፤ በመንገዳችንም አውድማው ጋ ቆመን የሽማግሌውን ጋቢ መለስን።

ከዚያ ወዲህ ከማንም ጋር ረጅም መንገድ ስቀጠር መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ሳይክሉ ወይም ስለ ኪሎ ሜትሩ አይደለም። «ነፋስ ሲመጣ ተራው እንዴት ነው? ከኋላ ማን ይሆናል?» እላለሁ። መልስ ከሌለ ጠዋት ሳንነሣ ቆመን እንነጋገራለን። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።